ስለ ፈረስ ልጓም፦ አባ ዛብን ጠይቁት

አባ ዛብ፦ ዛሬ ማታ ስለ ልጓም ብቻ ጠይቁኝ። የፈረስ ዋጋ የምትጠይቁ ደላላ አለላችሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የፈረሱን አፍ ከፍቶ ያላየ ሰው ልጓም አይግዛ።

ዳማው፦ ሰላም ጋሼ። የትኛው ልጓም ይሻላል?

አባ ዛብ፦ ለየትኛው ፈረስ? ዕድሜው ስንት ነው? ይጋለባል ወይስ ጋሪ ይጎትታል? ጫማ ቤት ገብተህ «የትኛው ጫማ ይሻላል» ትላለህ?

ባዝራ፦ እሺ ጋሼ፣ አፉ እንዴት ይለካል?

አባ ዛብ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ሲባጎ ውሰጂ፤ ልጓሙ በሚያርፍበት መስመር አፉ ውስጥ አሳልፊውና ግራና ቀኝ የከንፈሩ ጥግ ላይ ምልክት አድርጊ። አውጥተሽ በማስመሪያ ለኪ። በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ጨምሪ፣ ከዚያ አትለፊ። የሚሽከረከር ቀለበት ያለው ከሆነ ያቺ ግማሽ ሴንቲ ግድ ናት፤ ከጠበበ ቀለበቱ ከንፈሩን ይቆነጥጠዋል። የሰፋውም አይምርም። የደጋ ፈረሶቻችን ብዙዎቹ ትከሻቸው ድረስ 130 ሴንቲ ቢሆኑ ነው። ለውጭ አገር ትልቅ ፈረስ የተሠራ 13 ተኩል ሴንቲ ልጓም ስታስገቢበት ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል፣ ከሁለት የተቀጣጠለ ብረት ከሆነ መጋጠሚያው ከመሃል ይወጣል፣ በአንድ በኩል ብቻ ይቆርጠዋል። ከዚያ «ፈረሴ ወደ ቀኝ አልዞርም አለ» ትሉኛላችሁ።

ዳማው፦ ወፍራም ልጓም ለስላሳ ነው ይባላል።

አባ ዛብ፦ ይህን ሰምቼ ሰምቼ ሰለቸኝ። ወፍራም ብረት ጫናውን ሰፋ ባለ ቦታ ያሳርፋል፣ ልክ ነው፤ ግን ቦታ ሲኖር ነው። የፈረስ ምላስ አፉን ሞልቶት ነው የሚተኛው። በፊት ጥርሱና በመንጋጋ ጥርሱ መካከል ባዶ ድድ አለ፣ ልጓም የሚያርፈው እዚያ ነው። በጣትህ ዳስሰው። ከሥሩ ያለው አጥንት ጠርዙ ስል ነው፣ ከላይ የሸፈነው ስስ ድድ ብቻ ነው። ወንድ ከሆነ እዚያው አጠገብ ክራንቻ ይኖረዋል፤ ብረቱ ክራንቻውን መንካት የለበትም። አሁን ጣትህ ውስጥ እንዳለ አፉን ግጠምለት። ጣትህን ከላይና ከታች ከተጫነው አውራ ጣት የሚያህል ብረት የት ይገባል? አንዳንዱ ደግሞ ከንፈሩ ጥግ ላይ ያሉትን እጥፋቶች ቆጥሮ «ሁለት ከሆነ ልክ ነው» ይላል። አንዱ ፈረስ ከንፈሩ ሥጋማ ነው፣ የሌላው ስስ ነው። እጥፋት አትቁጠሩ፣ አፉን ክፈቱ!

ባለጋሪ፦ የኔው ራሱን ይወዘውዛል፣ አፉንም አይገጥምም። ልጓሙን ብየዳ ቤት ከፌሮ ነው ያሠራሁት።

አባ ዛብ፦ ወንድሜ፣ ፌሮ የሚሸረከተው ኮንክሪት እንዲይዝ ነው። ድዱንም እንደዚያው እየያዘው ነው። ዛሬውኑ አውጣው። ሽቦም አትጠምጥምበት፣ ልሙጥ ብረት ፈልግ። ከዚያ ጥርሱን ሐኪም ይይለት፤ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በጉንጭ በኩል፣ የታችኛው በምላስ በኩል እየሾለ ይሄዳል። ሾሎ ከሆነ ምንም ልጓም አያሳርፈውም።

ዘእንጅባራ፦ ጋሼ፣ አያቶቻችን አገጭ ሥር በሚዞረው ባለቀለበት ልጓም ነው አድዋ የዘመቱት። ጥር 23 ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ መጥተህ እይ፣ ፈረሱ እንደ ንብ ነው!

አባ ዛብ፦ መጥቼ አይቻለሁ፣ ጉግስም ተጫውቻለሁ። ያ ልጓም ማንሻ ነው። ከአፉ በላይ ያለው ዘንግ 5 ሴንቲ፣ በታች ያለው 10 ሴንቲ ከሆነ፣ ዛቡን፣ በእጅህ የምትይዘውን ጠፍር፣ በአንድ ኪሎ ስትስብ ድዱ ላይ ሦስት ኪሎ ያህል ያርፋል። በአንድ እጁ ጋሻ ይዞ ዛቡን በጣቱ ጫፍ ለሚነካ ሰው ተሠራ። በዛቡ ለሚንጠለጠል ጀማሪ አልተሠራም።

ዘእንጅባራ፦ እንግዲያ ጥፋቱ የእጅ ነው፣ የልጓም አይደለም።

ባዝራ፦ የፈረሱ ድድ ግን ማን እንደጎዳው አይለይም።

ቦረና፦ ለመሆኑ ልጓም የምትሉት ብረቱን ብቻ ነው ወይስ ጠፍሩንም ጭምር? እኛ ሉጋማ ስንል ሁሉንም ነው።

ዘእንጅባራ፦ ብረቱ ነው እንጂ! ዛብ ሌላ፣ ልጓም ሌላ።

የመናዊ፦ ቃሉ ራሱ የዓረቡ ሊጃም ነው።

ዘእንጅባራ፦ ከእኛ ወስደውት ቢሆንስ?

አባ ዛብ፦ ቃሉን ሌላ ቀን ተካፈሉ። ቀጣይ።

ቨርጂንያ፦ ያለ ልጓም ብጋልብስ? በአፍንጫ ማሰሪያ ብቻ?

አባ ዛብ፦ ይቻላል። ዝቅ አድርገሽ አትሰሪው፣ የአፍንጫ አጥንት ወደ ታች ሲወርድ ይሳሳል።

ባዝራ፦ ሦስት ዓመት ተኩል ለሆነው ውርንጭላስ?

አባ ዛብ፦ በዚያ ዕድሜ ጥርስ ይቀይራል፣ አፉ ያመዋል። አትቸኩዪ። ደግሞም በጠዋት ብርድ ብረቱን በእጅሽ አሙቀሽ አስገቢለት።

ሰጋር፦ ጋሼ ዘግይቼ ነው፣ የትኛው ልጓም ይሻላል?

አባ ዛብ፦ ወደ ላይ ተመለስና አንብብ።

ዳማው፦ ጋሼ፣ በሲባጎ ለካሁ። 11 ተኩል። የገዛሁት ልጓም 13 ተኩል ነው።

አባ ዛብ፦ ስንት ጊዜ ጋለብክበት?

ዳማው፦ ሁለት ዓመት። በግራ በኩል ድዱ ላይ ጠባሳ አለ።

አባ ዛብ፦ ደም አለው ወይስ ደርቋል?

ዳማው፦ ደርቋል። ስነካው ግን ራሱን ይነጥቃል።

አባ ዛብ፦ እንግዲያ ለሐኪም ሳታሳይ ምንም ብረት አታስገባበት፣ ልኩንም ቢሆን። 12 ተኩሉን ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን።