«ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም»

ጥያቄ

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የ1ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን ዕድሜዬ 19 ነው። ዶርም ውስጥ አራት ሴቶች ነን። አልጋዎቹ ተደራራቢ ናቸው፤ እኔ ከላይ ነው የምተኛው። ችግሬ ከሥሬ ከምትተኛው ልጅ ጋር ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልክ ማውራት ትጀምርና አንዳንድ ቀን እስከ 8 ሰዓት ትቀጥላለች። ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግም አልጋው አንድ ስለሆነ በተገላበጠች ቁጥር እኔ እነቃለሁ። ሳሙናዬን፣ ቅባቴንና ነጠላ ጫማዬን ሳታስፈቅደኝ ትጠቀማለች። እናቴ የላከችልኝ አምስት ኪሎ በሶ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። በእርግጥ የመጣ ዕለት «የሁላችንም ነው፣ እንዳትሳቀቁ» ብያቸው ነበር፤ ግን ሰው ራሱ አያውቅም?

አራት ወር ሙሉ ምንም አልተናገርኩም። እናቴ በስልክ «ቻይው ልጄ፣ ያልፋል» ትለኛለች፤ ወንድሜ ደግሞ «አንድ ቀን ልክ ልኳን ካልነገርሻት አትተውሽም» ይለኛል። በመጨረሻ በሚድ ፈተና ዋዜማ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከአልጋዬ ወርጄ መብራቱን አበራሁና «ያላደግሽ! ባለጌ!» ብዬ ጮህኩባት። ሁሉም ነቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም። ሦስቱ እኔ የማልሰማው የጋራ ቋንቋ አላቸው። ስገባ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ አንዳንዴም ይሳሳቃሉ፤ ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኛል። አሁን አሁንማ ካፌ ሰልፍ ላይ የማላውቀው ሰው ሲጠጋኝ እንኳ ይጨንቀኛል። ዶርም ልቀይር ወይስ ለፕሮክተሯ (ለዶርም ኃላፊዋ) ላመልክት? ለእናቴስ ልንገራት?

ምላሽ

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ቶሎ ማለፍ ያልቻልኩት «አራት ወር» የሚለውን ነው። በእነዚያ አራት ወራት አንቺ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆነሽ እያንዳንዱን ሌሊት፣ እያንዳንዱን የሳሙና ቁራጭ ስትቆጥሪ ቆይተሻል። እስቲ ደግሞ ታች ወርደን ያንኑ ጊዜ ከእሷ አልጋ ላይ ሆነን እንየው። እሷ የኖረችው በሶዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «የሁላችንም ነው» ካለች፣ ጫማዋ ሲወሰድ ምንም ከማትል፣ ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ከምትላት ጭምት ልጅ ጋር ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መብራት በራና ያቺ ጭምት ልጅ በሰው ፊት «ያላደግሽ» አለቻት። ለአንቺ የአራት ወር ጉዳይ የሆነው ለእሷ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው። አሁን ሁለታችሁም ተበዳይ ነን ብላችሁ የተቀመጣችሁት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።

ዝምታሽን ትዕግሥት ብለሽ አልጠራሽውም እንጂ እናትሽ «ቻይው» ስትልሽ ያንን ማለቷ ነው። እኔ ግን ይሉኝታ ነው የምለው። ይሉኝታን አላጣጥልም፤ ያሳደገን እሱ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ የሚሠራው ፊትን ማንበብ የሚችል ሰው ባለበት ቤት ነው። እናትሽ ቤት ሳለሽ ቅር ሲልሽ አንድ ቃል መናገር አያስፈልግሽም ነበር፤ እራት ላይ ጉርሻሽ ሲያንስ አይታ «ምን ሆነሻል?» ብላ ትጠይቅሻለች። ይህን ለማወቅ 19 ዓመት ፈጅቶባታል። ዶርም ውስጥ ግን ከአራት ቤት የመጡ አራት ሰዎች ናችሁ፤ ፊትሽ ሲጠቁር ማኩረፍሽ ይሁን፣ ራስ ምታት ይሁን፣ ወይም የነገው ፈተና ያስጨነቀሽ ይሁን የሚለይ አንድም ሰው የለም። «ሰው ራሱ አያውቅም?» ብለሽ ጠይቀሻል። አያውቅም። በዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ያለ ሰው እንደ ፈቀደ ይቆጠራል።

በሶውን እንደ ምሳሌ ልውሰደው። በመጣ ዕለት የጋራ እንደሆነ በአፍሽ ተናግረሻል፤ ከዚያ በኋላ ሐሳብሽን የቀየርሽው በልብሽ ብቻ ነው። ልጆቹ የሰሙት የመጀመሪያውን ነው። ብዙ የካፌ ተመጋቢ ተማሪ በሚኖርበት ዶርም ከቤት የመጣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና በርበሬ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ የሚቆየው ባለቤቱ ሲናገር ነው። ስለዚህ በበሶው ላይ ክስ ባታነሺ እመርጣለሁ። የነጠላ ጫማውና የቅባቱ ጉዳይ ግን ይለያል፤ እዚያ ላይ ግብዣ አላቀረብሽምና ቅሬታሽ ተገቢ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሌሊቱ ስልክ ልመለስ። ሌላ ሰው የሚያስቸግረንን ነገር ሲያደርግ ምክንያቱን ከጠባዩ እንፈልጋለን፤ ራሳችን ስናደርገው ደግሞ ከሁኔታው። በሥነ ልቦና ሙያ ውስጥ ይህ ስሕተት በሚገባ የታወቀ ነው፤ አሜሪካዊው ሊ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1977 ስም ካወጣለት ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል። አንቺም ልጅቷ እኩለ ሌሊት ላይ የምትደውለው ደንታ ቢስ ስለሆነች ነው ብለሽ ደምድመሻል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሌሊት የድምፅ ጥቅል ከቀኑ በብዙ እንደሚረክስ ማንም ተማሪ ያውቃል፤ ከወር እስከ ወር በኪሷ ጥቂት ብር ይዛ የምትኖር ልጅ ከእጮኛዋ ወይም ከእኅቷ ጋር ረዘም አድርጋ የምታወራበት ሌላ ሰዓት ላይኖራት ይችላል። ድምፅዋን ዝቅ እንደምታደርግ አንቺው ጽፈሻል። ደንታ ቢስ ሰው ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ እሷ የማታውቀው ድምፁን ሳይሆን የአልጋውን መነቃነቅ ነው። ከታች የተኛ ሰው ላይኛው አልጋ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ሊገምት አይችልም።

ይህን ሁሉ የምለው እንቅልፍሽን ለማቃለል አይደለም። በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በታች ሲተኛ ትኩረቱ ብቻ ሳይሆን ቁጣውን የሚይዝበት ልጓምም ይላላል። ያን ሌሊት የጮኸው ለወራት እንቅልፍ የተነፈገ ሰው ነው። ጥያቄሽ ትክክል ነበር፤ ያጠፋሽው በቃላቱ ነው፤ በተለይ በአንደኛው። «ባለጌ» ይረሳል። «ያላደግሽ» ግን ልጅቷን አልፎ ቤቷ ያለችውን እናቷን ይነካል። እሱን ቃል እሷ እስካሁን እያሰላሰለችው እንደሆነ ብዙም አልጠራጠርም።

ሦስቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ የትኛው እንደሆነ አልጻፍሽም፤ ባለመጻፍሽ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም የምመልስልሽ ነገር በቋንቋው ማንነት አይለወጥም። ባልሰማነው ቋንቋ ውስጥ ሁልጊዜ የራሳችንን ስም እንሰማለን። የዚያን ሌሊት ሰሞን ስለ አንቺ አውርተው ሊሆን ይችላል፤ ማን አያወራም? ነገር ግን ሦስት ሰዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ አንድ ሰው እያወሩ አይኖሩም። የእነሱም ሚድ አለ፣ የእነሱም የካፌ ምግብ አለ። ስትገቢ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ደግሞ ምናልባት ባለፈው ድምፅ ምክንያት የጮህሽው አንቺ ስለሆንሽ ይሆናል። ይህ ትንሽ ያስቃል፤ ግን አስቢበት። ናታሊ ሹክ እና ራስል ፋዚዮ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በዕጣ ከሌላ ዘር ተማሪ ጋር ዶርም የደረሳቸው አሜሪካውያን የ1ኛ ዓመት ተማሪዎች ከራሳቸው ዘር ሰው ጋር ከደረሳቸው ይልቅ በዶርም ጓደኛቸው ያነሰ እርካታ እንደነበራቸው አግኝተዋል። ይሁን እንጂ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሳይታወቃቸው፣ ለዚያ ዘር ሰዎች የነበራቸው ጥርጣሬ ቀንሶ ተገኝቷል። የአሜሪካ የዘር ጉዳይና የእኛ አገር የቋንቋ ጉዳይ አንድ አይደሉም። ቢሆንም አለመመቸቱና መቀራረቡ ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ ማወቁ ለአንቺ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ካፌ ሰልፍ ላይ ሰው ሲጠጋሽ የሚሰማሽ ጭንቀትም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድሩ ባውም እና ስቱዋርት ቫሊንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ በረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ በተደረደሩ ዶርሞች የሚኖሩ ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን ከሚኖሩት ጋር አነጻጽረው ነበር። የኮሪደሮቹ ነዋሪዎች ከዶርም ወጥተው እንኳ፣ በሌላ ሕንፃ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ፣ ከማያውቁት ሰው ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር። ከማን ጋር መቼ እንደሚገናኝ መወሰን ያልቻለ ሰው በመጨረሻ ከሁሉም መራቅ ይቀለዋል። ስለዚህ ቀን ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻሽን የምትሆኚበት ቦታ፣ ቤተ መጻሕፍትም ይሁን የዛፍ ጥላ፣ ፈልጊና እንደ ክፍለ ጊዜ ያዢው። እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቀሽ ግን በተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት በኩል የምክር አገልግሎት መኖሩን ጠይቀሽ ባለሙያ አነጋግሪ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ለብቻዋ አናግሪያት፤ ዶርም ውስጥ አይሁን፣ ሌሊትም አይሁን። ልብስ ስታጥቡ ወይም ወደ ክፍል ስትሄዱ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ ዓይን ለዓይን መተያየት በማያስገድድ ሁኔታ ቢሆን ይቀላል። ሌሎቹን ሁለቱን ሽማግሌ አድርጎ የመላክ ፈተና ይመጣብሻል። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ የገባበት ነገር ከባድ ጠብ ነው ማለት ነው፣ አንቺ ደግሞ ነገሩ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር ነው የምትፈልጊው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻ ሁኑ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «የዚያን ሌሊት የተናገርኩሽ ቃል ትክክል አልነበረም፤ በተለይ አስተዳደግሽን መንካቴ አሳፍሮኛል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አስቀድሜ ልነግርሽ ሲገባኝ ዝም ብዬ ቆይቼ ነው። አልጋው አንድ ስለሆነ ስትንቀሳቀሺ እኔ እነቃለሁ። ከ6 ሰዓት በኋላ ስትደውዪ ኮሪደር ላይ ብታወሪ በጣም ይረዳኛል።» ከዚህ በላይ አትጨምሪ። በይቅርታውና በጥያቄው መካከል «ግን» የሚለውን ቃል አታስገቢ፤ «ግን» ካለ ይቅርታው ይሰረዛል። ጫማውንና ቅባቱን ለሌላ ቀን ተዪው፤ በአንድ ቀን ሦስት ጥያቄ ከቀረበ ክስ ይሆናል። ምናልባት እሷም የምትነግርሽ ይኖራታል፤ አንቺ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ የምታስጮኺው የስልክ ደወል ለምሳሌ። ካለ ስሚያት።

ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ አራታችሁም ባላችሁበት አንድ ነገር ወስኑ። አብዛኛው ዶርም ከበሩ ጀርባ የለጠፈው የጽዳት ተራ አለው። የእናንተም ካላችሁ እዚያው ላይ ሁለት መስመር ጨምሩበት፦ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓትና በፈተና ሳምንት ስልክ የሚወራበትን ቦታ። የመጥረጊያ ተራ የሚያከብር ሰው የእንቅልፍ ሰዓትም ሊያከብር ይችላል።

ወንድምሽ «ልክ ልኳን ንገሪያት» ያለሽን ሞክረሽዋል፤ ውጤቱንም አይተሻል። ዶርም መቀየርን አሁን አልመክርሽም። ይሉኝታሽን ይዘሽው ስለምትሄጂ አዲሱም ክፍል ውስጥ አራት ወር ዝም ማለትሽ አይቀርም፤ የተደራረበ አልጋም እዚያ አለ። በቀጥታ ተነጋግራችሁ፣ እስከ መንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ጠብቀሽ፣ ምንም ካልተለወጠ በእረፍቱ ጊዜ ማመልከት ትችያለሽ፤ ያን ጊዜ ሽንፈት አይሆንም። ወደ ፕሮክተሯ ሳትውዪ ሳታድሪ መሄድ ያለብሽ ግን ንብረትሽ ከተቆለፈ ሎከር ከተሰረቀ፣ ማንም ከዛተብሽ ወይም እጅ ካነሳብሽ፣ በቋንቋሽ ወይም በመጣሽበት አካባቢ ምክንያት ስድብና ማስፈራራት ከደረሰብሽ ነው። እነዚህ የዶርም ልጆች አለመግባባት ሳይሆኑ የደኅንነት ጉዳይ ናቸው፤ በይሉኝታም በትዕግሥትም መታየት የለባቸውም።

ለእናትሽ ንገሪያት፤ ነገር ግን ልጅቷን ካነጋገርሻት በኋላ ይሁን። አሁን ብትነግሪያት ሩቅ ሆና ሌሊቱን ስታብሰለስል ከማደር በቀር የምታደርገው የለም፤ አንቺም በስልክ «ቻይው» የሚለውን ደግመሽ ትሰሚያለሽ። ስትነግሪያት የጮህሽውንም አትደብቂያት። እንደማውቃቸው እናቶች ከሆነች መጀመሪያ ትቆጣሻለች፣ ቀጥሎ ሌላ በሶ ትልካለች። በዚህኛው ጊዜ ከረጢቱን ከመክፈትሽ በፊት ግማሹን ሎከርሽ ውስጥ አስቀምጪና ጠረጴዛው ላይ ያኖርሽውን ብቻ «ይህ የሁላችንም ነው» በያቸው።