ጠይቁን፦ ወፍራም ልብ ወለድ በትምህርት ሰሞን፣ ከአያት ጋር የሚታይ ፊልም

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ገና ከመነሻው ተውኩት። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ነው፤ እኔ የማነበው ግን ስለ ሌሎች ሰዎች ነው። የቤት ሥራና ፈተና እያለብኝ እንዴት ልጨርሰው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ ብዙ አንባቢ የሚቆመው አንቺ በቆምሽበት ቦታ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ የሚነሳው ከፍቅረኞቹ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ማንኩሳ ላይ፣ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ይህ ክፍል የሚዘለል መግቢያ እንዳይመስልሽ። ወላጆቹ ልጃቸው ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል የሚሳሉት እዚያ ነው፤ ያ ስእለት ኋላ ላይ በዛብህ ፍቅር ሲይዘው ኅሊናውን የሚያስጨንቀው ሸክም ይሆናል። ዘለሽ ሰብለ ወንጌል ወዳለችበት ወደ ዲማ ብትገቢ «ይሄ ልጅ ምን ያስፈራዋል?» እያልሽ ታነቢያለሽ።

ከመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ አንድ ወረቀት አጥፈሽ አስቀምጪ። በአንድ ወገን ማንኩሳ ብለሽ ቦጋለን፣ ውድነሽንና በዛብህን ጻፊ፤ በሌላው ወገን ዲማ ብለሽ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ወይዘሮ ጥሩአይነትን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን። ከሥር ደግሞ የማታውቂያቸውን ቃላት መዝግቢ፦ ርስት፣ ጉልት፣ ባላባት፣ ብፅዓት የመሳሰሉትን። በየቃሉ መዝገበ ቃላት ለመግለጥ አትቁሚ፤ ንባቡ ይሰበራል። አምስት ስድስት ሲሞሉ አንድ ላይ ፈልጊያቸው፣ ወይም ቤት ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቂ። ስለ ርስትና ጉልት አያቶች የሚነግሩሽ መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም።

ስለ ጊዜው ደግሞ፦ መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። «ሲመቸኝ አነባለሁ» ካልሽ አይመችሽም። ሦስት ቀን በተከታታይ 25 ደቂቃ አንብቢና ስንት ገጽ እንደሄድሽ ቁጠሪ። በቀን 12 ገጽ ከሆነ በስድስት ሳምንት ገደማ ትጨርሺዋለሽ፤ 8 ከሆነ ዘጠኝ ሳምንት ይፈጃል፣ ምንም አይደል። ሰዓቱን ከትምህርት ቤት ገብተሽ መክሰስ ከቀማመስሽ በኋላ፣ ጥናት ሳትጀምሪ ብታደርጊው እንመርጣለን። ማታ አልጋ ላይ ካነበብሽ እንቅልፍ በሦስተኛው ገጽ ይቀድምሻል፤ በማግሥቱ ያነበብሽውን መልሰሽ ታነቢያለሽ። የስልክሽን ማንቂያ ለ25 ደቂቃ ሙዪና ስልኩን ሌላ ክፍል ተዪው። ሲጮህ ለማጥፋት መነሳትሽ አይቀርም፣ ከተነሳሽ ደግሞ ወደ ጥናት መግባት ይቀላል።

በፈተና ሳምንት ወደ 3 ወይም 4 ገጽ ዝቅ አድርጊ እንጂ አትተዪው። ሁለት ሳምንት ከተቋረጠ ስሙም ዘመድነቱም ይጠፋብሻል፤ አራተኛው «ጀምሬ ተውኩት» የሚመጣው ያኔ ነው።

አሁንም መነሻው ከከበደሽ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ከፍተሽ መጽሐፉን በጣትሽ እየተከተልሽ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች አዳምጪ። የጎጃሙን የአነጋገር ዜማ ጆሮሽ አንዴ ከያዘው በዓይን ማንበቡ ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ አዲስ መጽሐፍ መግዛት አልችልም። አሮጌ ስገዛ ምን ልይ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከመግዛትህ በፊት አራት ኪሎ ያለውን አብርሆትንና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን (ወመዘክርን) ሞክር፤ እዚያው ተቀምጦ ለማንበብ ይበቃሉ። አሮጌ ስትገዛ ሽፋኑ አያታልልህ። መጽሐፍ የሚጠረዘው በታጠፉ ጥራዞች ነው፤ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ፣ አንዳንዴ 32 ናቸው። የሚጎድለው ወይም ሁለት ጊዜ የሚገባው ሙሉ ጥራዝ ስለሆነ በየ16 ገጹ ቁጥሩን እያየህ እለፍ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጠሎች ግን አንድ በአንድ ቁጠር፤ ቶሎ የሚገነጠሉት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ልጆቼ 8 እና 13 ዓመታቸው ነው፣ የሚቀናቸው እንግሊዝኛ ነው። እናቴ አማርኛ ብቻ ነው የሚሰሙት። እሑድ ማታ ሁላችንም የምናየው ፊልም ጠቁሙን።

መልስ፦ እርስዎ ቤት የሚሠራው ፊልም ንግግሩ ጥቂት፣ ችግሩ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት። በቀልድ የተሞላ ፊልም አይምረጡ፤ ቀልድ ሲተረጎም ልጆቹ ስቀው ከጨረሱ በኋላ ነው አያት የሚደርሳቸው።

የመጀመሪያ ምርጫችን የኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ «ቺልድረን ኦፍ ሄቨን» (እ.ኤ.አ. 1997) ነው። ወንድም የእህቱን ጫማ ይጥላል፤ ለወላጅ መናገር ስለፈሩ አንዱን ጫማ ሁለቱ ይፈራረቁበታል። እሷ የጠዋት ተማሪ፣ እሱ የከሰዓት። የፈረቃ ትምህርትን ለሚያውቁ እናትዎ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ለልጆቹ የሚያስረዱት እሳቸው ይሆናሉ። አንድ ቦታ ብቻ ይጠንቀቁ፦ ልጆቹ አባታቸው እንዳይሰማ ደብተር ላይ እየጻፉ የሚነጋገሩበት ትዕይንት አለ። እዚያ የ13 ዓመቱ ልጅ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ጮክ ብሎ በአማርኛ ይበል። ቢሳሳትም አያት ያርሙታል።

ሁለተኛው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው፤ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው (እ.ኤ.አ. 2015)። በአማርኛ ስለሆነ በዚህኛው አድማጯ እናትዎ፣ የግርጌ ጽሑፍ አንባቢዎቹ ልጆቹ ይሆናሉ። ልጁ እናቱን ያጣ፣ በጉን የሚወድና ወጥ መሥራት የሚችል ነው፤ አጎቱ ደግሞ በጉን ለበዓል ሊያርዱት ያስባሉ። የ8 ዓመቱ ልጅ ይህን ሳያውቅ ከተቀመጠ ይደነግጣል፤ አስቀድመው ይንገሩት።

ሁለቱም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ናቸው። ከመጀመርዎ በፊት የሦስት ሰው ስምና ዝምድና ለሁሉም ይንገሩ፣ መሐል ላይ ለቡና ያቁሙ። በዚያ ዕረፍት «አንተ ብትሆን ለአባትህ ትነግረው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከፊልሙ በላይ ያስወራል።

ጥያቄ፦ የገዛሁትን ፊልም በፍላሽ ቴሌቪዥን ላይ ስከፍት አንዴ ድምፅ ብቻ፣ አንዴ ምንም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ድምፅ ኖሮ ምስል ከሌለ ፊልሙ የተጨመቀው በኤች 265 ሊሆን ይችላል፤ የቆዩ ቴሌቪዥኖች አያነቡትም። ኮምፒውተር ላይ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኤች 264 ቀይረው። ፍላሹ ጭራሽ ካልታየ ፎርማቱን (ፋይል የሚያስቀምጥበትን አሠራር) እይ፦ ፋት 32ን ሁሉም ቴሌቪዥን ማለት ይቻላል ያነባል፣ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፎርማት ስታደርግ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጥ። የግርጌ ጽሑፉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። አማርኛው አራት ማዕዘን ሆኖ ከወጣ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከኮምፒውተር አገናኝተህ ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ክፈተው።