ኤልፒኤሱን ከመውጋትሽ በፊት ሰጋቱራውን አሽትቺው

ሰላም እህቴ። «አይጦችን ኤልፒኤስ ወግቼ ጉበታቸው መድኃኒት የማብላላት አቅሙ ምን ያህል እንደሚወርድ በፔንቶባርቢታል የእንቅልፍ ሰዓት ልለካ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ የለጠፍሽውን አየሁ። (ለሌላው አንባቢ፦ ኤልፒኤስ ኢንፍላሜሽን፣ ማለትም የሰውነት ብግነት፣ የሚያስነሳ የባክቴሪያ ቅርፊት መርዝ ነው፤ ፔንቶባርቢታል ደግሞ ጉበት የሚያብላላው ማስተኛ መድኃኒት ስለሆነ ጉበቱ ሲደክም እንቅልፉ ይረዝማል።) የኔም የማስተርስ ሥራ ይኸው ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም። ኢንተርሊውኪን-6 የተባለው የኢንፍላሜሽን መልእክተኛ ፕሮቲን የጉበት ሴል ላይ ደርሶ መድኃኒት የሚያብላሉትን የሳይቶክሮም ፒ450 ኢንዛይሞች ጂኖች እንደሚያዳክም ፕሮፖዛልሽ ላይ ስላለ እሱን አልደግምም።

1. ቲዮፔንታል እንዳትቀበዪ። ኦፕሬሽን ክፍል በቀላሉ ስለሚገኝ «ያው ባርቢቹሬት (የፔንቶባርቢታል ዓይነት ማስተኛ) አይደል?» የሚልሽ አይጠፋም። በአንድ ዶዝ ቲዮፔንታል የተኛ እንስሳ የሚነቃው መድኃኒቱ ከአንጎል ወጥቶ ጡንቻና ስብ ውስጥ ስለሚበተን ነው እንጂ ጉበት ስለጨረሰው አይደለም። አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው ጉበቱን ነው።

2. በተወጋ በሁለትና በሦስት ሰዓት አትለኪ። መጀመሪያ የሚወርደው ኤምአርኤንኤው፣ ማለትም ኢንዛይሙ የሚሠራበት የጂን መልእክት፣ ነው፤ የተሠራው ኢንዛይም እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል። 24 ሰዓት ጠብቂ። ወንድና ሴትም አትቀላቅዪ። ወንዶቹ ላይ 2ሲ11 የተባለው የፒ450 ኢንዛይም ክፉኛ ሲወርድ 4ኤ የሚባለው የፒ450 ቤተሰብ ግን ይጨምራል፤ ስለዚህ «ጉበቱ ደከመ» ብለሽ በጅምላ እንዳትጽፊ።

3. ኬጅ ውስጥ ለአይጦቹ የሚነጠፈው ሰጋቱራ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በደብዳቤ «የጥድና የባሕር ዛፍ ያልሆነ» ብዬ በግልጽ ጠይቄያለሁ። የግዥ ክፍሉ ሰውዬ ደብዳቤውን ገለጥ አደረገና «አይጥ ደግሞ ፍራሽ ማማረጥ ጀመረ?» ብሎ ቢሮውን በሙሉ አሳቀብኝ። ያመጣው ጆንያ ሲፈታ ክፍሉ በጥድ ሽታ ታጠነ። እንስሳት ቤቱ ደግሞ እኔ ሳልመጣ ኬጅ ውስጥ በትኖታል።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። ቬሰል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1967 እንዳሳየው፣ በቀይ ሴዳር ፍቅፋቂ ላይ ያደሩ አይጦች የጉበት ኢንዛይማቸው ጨምሮ በሄክሶባርቢታል (እሱም ጉበት የሚያብላላው ባርቢቹሬት ነው) የሚተኙበት ጊዜ አጥሯል። ያ ሴዳር የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ ያለው ሲኒዮል የተባለ ንጥረ ነገርም የአይጥን ጉበት እንዲሁ ያነሳሳል። ኢንፍላሜሽኑ ወደ ታች፣ ሰጋቱራው ወደ ላይ ሲጎትት ምን ትለኪያለሽ? ምንም ያልተወጉት ኮንትሮሎቼ እንኳ በየኬጁ ሌላ ሌላ ሰዓት ሰጡኝ፤ ያን ዙር ሙሉ በሙሉ ጣልኩት። ቅሬታ ሳቀርብ ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «በአዲስ መልክ ጠይቂ፣ ሦስት ፕሮፎርማ አያይዢ።» ለሰጋቱራ!

በመጨረሻ ከማተሚያ ቤት ቀለም ያልነካው የወረቀት ቁርጥራጭ በራሴ ገንዘብ አመጣሁ። የኮንትሮሎቹ ሰዓት ያኔ እንደ ሰልፈኛ ተጠጋጋ። አድቫይዘሬ ዳታውን አይቶ «ይሄማ የውጭ ላብ ይመስላል» አለኝ፤ ልኩራበት እንጂ ምን ላድርግ።

አራተኛ ብዬ ከምቆጥር እዚሁ ልጨምርልሽ፣ ምክንያቱም ዲፌንስ ላይ መጀመሪያ የተጠየቅሁት እሱን ነው። ኤልፒኤስ የተወጋ አይጥ ፀጉሩን አቁሞ ጥግ ይይዛል፣ ምግብ አይነካም። ረሃብ ራሱ የጉበት ኢንዛይሞችን ይለዋውጣል። ስለዚህ የታመሙት የበሉትን ያህል ብቻ እየተመዘነ የሚሰጠው ሌላ ኮንትሮል ያስፈልግሻል። ፈታኙ አፉን ሳይዘጋ ግራፉን አሳየሁት።

የተኛውን በጀርባው አጋድመሽ፣ በራሱ ሲገለበጥ መልሰሽ አጋድሚው፤ ወዲያው ደግሞ ከተገለበጠ ነቅቷል። ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ጉበቱ ደህና ቢሆንም እንቅልፉ ይረዝማል፣ ስለዚህ ማሞቂያ አይለየው። በነቃበት ደቂቃም ደም ቅጂ። የታመመውና ጤነኛው በተመሳሳይ የመድኃኒት መጠን ላይ ከነቁ አንጎላቸው እኩል ነው፣ የዘገየው መድኃኒቱን ከደም ማስወገዱ ነው ማለት ነው። የታመመው ዝቅ ባለ መጠን ላይ ከነቃ ግን ኢንፍላሜሽኑ አንጎሉንም ነክቶታልና በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ስለ ጉበት አትፍረጂ።