ይቅርታ በማን ቋንቋ ይጠየቃል?

ልጆቼ፣

«ኮኤ ኖ ካታቺ» የተባለውን የጃፓን ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) አብዛኞቻችሁ የምታውቁት «ኤ ሳይለንት ቮይስ» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ነው፤ ያውም በፊልሙ። ፊልሙ ጥሩ ነው። ማንጋው ግን 7 ቅጽ ስለሆነ በ130 ደቂቃ የማይያዝ ብዙ ነገር አለው። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር ስንሠራ ያረጀን ሰዎችን ከዕንባው ይልቅ ዝርዝሩ ነው የሚይዘን፦ ስንት የመስሚያ መሣሪያ ተሰበረ፣ ማን ከፈለ፣ ማን የምልክት ቋንቋ ተማረ፣ ማን አልማርም አለ። የምጽፍላችሁም ስለዚያ ዝርዝር ነው።

ደራሲዋ ዮሺቶኪ ኦይማ በጊፉ ክፍለ ግዛት የኦጋኪ ከተማ ልጅ ናት፤ ታሪኩም እዚያው ነው የሚካሄደው። እናቷ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ናቸው። ታሪኩን መጀመሪያ በአጭሩ ስላ የጀማሪዎችን ሽልማት ስታገኝ ገና 20 ዓመት አልሞላትም ነበር። ሽልማቱን የሰጠው መጽሔት ግን ጉዳዩን ፈርቶ አቆየው፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የጃፓን መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን ከተማከረ በኋላ ነው። ረጅሙ ማንጋ ከኦገስት 2013 እስከ ኖቬምበር 2014 በየሳምንቱ ወጣ።

ነገሩ የሚጀምረው 6ኛ ክፍል ውስጥ ነው። ሾኮ ኒሺሚያ አዲስ ተማሪ ሆና ትመጣለች፤ መስማት ስለማትችል «በዚህ አናግሩኝ» ብላ ደብተር ትዘረጋለች። ሾያ ኢሺዳ ደግሞ አሰልቺ ቀን የማይወድ፣ ክፍሉን ማሳቅ የሚወድ ልጅ ነው። በ5 ወር ውስጥ 8 የመስሚያ መሣሪያዎቿ ይሰበራሉ ወይም ይጠፋሉ። ሒሳቡ 1.7 ሚሊዮን የን፣ ማለትም ለአንዱ በአማካይ ከ210 ሺህ የን በላይ ነው። የከፈለችው የኢሺዳ እናት ናት፤ ፀጉር ቤት ያላት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት።

መሣሪያውን በእጃችሁ ይዛችሁ ስለማታውቁ ልንገራችሁ። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ዓይነት ድምፅ ተቀብሎ የሚያጎላ አካል፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ እና በልጁ ጆሮ ልክ ተቀርጾ የተሠራ ውታፍ አለው። ውታፉ ድምፅ እንዳያሾልክ ጥብቅ ብሎ ይገባል፤ ሲወጣም ቀስ ተብሎ እየተጠማዘዘ ነው። ከጆሮ ላይ መንጭቆ የወሰደ ሰው ቱቦውን ይበጥሳል፤ ውታፉም የጆሮውን ቆዳ ይፍቃል። ኢሺዳ ሲነጥቃት የሾኮ ጆሮ የደማው ለዚህ ነው። የሚቀየረው ዓይነት ባትሪ ደግሞ አየር ሲነካው ሥራ የሚጀምር ነው። ተለጣፊው አንዴ ከተላጠ፣ መሣሪያው ውስጥ ባይገባም እንኳ እያለቀ ይሄዳል። «እስቲ ልየው» ብሎ የላጠ ልጅ የጓደኛውን የሳምንት መስማት ወሰደ ማለት ነው። ልጅ ሲያድግ ጆሮው ስለሚሰፋ ውታፉ ይላላል፤ ያን ጊዜ ያፏጫል። ባለቤቱ ፉጨቱን ላይሰማው ይችላልና አትሳቁበት፤ ወደ ጆሮአችሁ ጠቁማችሁ ንገሩት።

መሣሪያው መነጽር አይደለም። መነጽር ያደረገ ሰው አጥርቶ ያያል፤ ይህ ግን ሁሉንም ነው የሚያጎላው፦ የናንተን ድምፅም፣ የወንበሩን ጉተታም፣ የኮሪደሩን ጫጫታም። ይበልጥ የሚረዳው ከ1 እስከ 2 ሜትር ርቀት ላይ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ነው። መጮህ አይጠቅምም፤ ድምፁ ይሰባበራል፣ የከንፈራችሁም ቅርጽ ይዛባል።

«ከንፈር ታነብ የለ?» ትሉኝ ይሆናል። መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «ማር» በሉ፤ ቀጥሎ «ባር»። አሁን «ገና» እና «ቀና»። ከዚያ «ደም» እና «ጠብ»። ከንፈራችሁ ላይ ልዩነት ካያችሁ ንገሩኝ። መ፣ በና ፐ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ ከ፣ ቀና ገ ደግሞ ከኋላ፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ይሠራሉ። ከንፈር የሚያነብ ሰው ግማሹን ከዐውዱ ነው የሚገምተው። ቀኑን ሙሉ ሲገምት የዋለ አእምሮ ከሰዓት በኋላ ይዝላል፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች፣ አትሰማንም እንዴ?» የሚባለው ያኔ ነው።

ኦይማ ይህን በ6ኛው ቅጽ አሳይታዋለች። አንዱ ምዕራፍ በሾኮ በኩል የተነገረ ነው፤ ሰዎች ሲያወሩ ፊደሎቹ በከፊል ተቆርጠው፣ ደብዝዘው ነው የታተሙት። አንባቢ ከገጹ ጋር እየታገለ ይጨርሰዋል። እኔ ከጠቅላላው ሥራ የማደንቀው ያንን ምዕራፍ ነው። በሌላው ክፍል ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ የኢሺዳን ሆድ እንደ መጽሐፍ ስናነብ የሾኮን የምናየው ከውጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም መልአክ ትሆንብናለች። «ይቅርታ» ማብዛቷን ትሕትና አድርጋችሁ አታንብቡት። ለሚደርስባት ሁሉ ራሷን ጥፋተኛ ማድረግ የለመደች ልጅ ናት፤ ያ በትንኮሳው የተተከለ ቁስል ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ክፍላችሁ ቢገባ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ቃሉን ጣሉት። በቋንቋችን «ደንቆሮ» የማይሰማም የማያውቅም ማለት ሆኖ ስለኖረ፣ ሳታስቡት ሁለቱንም ትሰድባላችሁ። ከመናገራችሁ በፊት ትከሻውን በስሱ ነካ አድርጉት ወይም እጃችሁን በዓይኑ ፊት አውለብልቡ። ብርሃን ፊታችሁ ላይ ይሁን፤ መስኮት ከኋላችሁ ካለ ለእሱ ጥላ ብቻ ናችሁ። ማስቲካ፣ አፍ ላይ የተቀመጠ እጅ፣ ወደ ሰሌዳ ዞሮ ማውራት፣ ሁሉም ወሬውን ይቆርጡታል። ብዙ ሆናችሁ ስታወሩ ተራ ያዙ፤ ተናጋሪው እጁን ያንሳ፣ አለበለዚያ ዓይኑ ወደ እናንተ ሲዞር ቀልዱ አልቋል። ያልገባውን ደግሙ፤ ሁለተኛ ካልገባው ያንኑ ቃል አትድገሙት፣ በሌላ ቃል በሉት ወይም ጻፉለት።

ከሁሉ የከፋችው ግን ትንሽ ቃል ናት። ሁላችሁም ትስቃላችሁ፤ እሱ «ምን አለ?» ይላል፤ እናንተ «ምንም አይደል፣ በኋላ እነግርሃለሁ።» ያ በኋላ አይመጣም። መሣሪያ ሰብራችሁ አታውቁም ይሆናል፤ ይህችን ያላለ ግን ከናንተ መካከል የለም።

በማንጋው አንዲት መምህርት ክፍሉ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ የምልክት ቋንቋ እንዲማር ሐሳብ ታቀርባለች። ናኦካ ኡኤኖ የምትባል የክፍሉ ልጅ ትቃወማለች፤ መጻፉ ይቀላል ባይ ናት። እሺ ያለችው ሳሃራ የምትባል ሌላ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም «ጥሩ ልጅ ለመምሰል ነው» ተብላ ስለተንጓጠጠች ከክፍል ቀረች። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ደግሞ እያየ ዝም ብሎ፣ ሒሳቡ ሲመጣ በክፍሉ ፊት ጣቱን ኢሺዳ ላይ ቀሰረ። አብረው ሲስቁ የነበሩት ሁሉ «እሱ ነው» አሉ፤ በማግሥቱ ተረኛው ኢሺዳ ሆነ። ለእኔ የመጀመሪያው ተጠያቂ ያ መምህር ነው። እናንተ ግን መምህር አይደላችሁምና የናንተ ድርሻ የሳሃራ ወንበር ነው፦ ብቻዋን የተነሳችውን ልጅ ብቻዋን አትተዉ። ሁለት ሆኖ መማር በጣም ይለያል።

አሁን ወደ ጸጸቱ። ኢሺዳ ካደገ በኋላ የሰው ፊት አያይም፤ ኦይማ በየሰዉ ፊት ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ሥላለች። ብዙዎች ይህን የብቸኝነት ሥዕል አድርገው ያዩታል። ለእኛ ሙያ ሌላም ነገር ይነግረናል፤ በምልክት ቋንቋ ሰዋስው ያለው እጅ ላይ ብቻ አይደለም፣ ፊትም ላይ ነው። በጃፓንም ሆነ በሌሎች ብዙ የምልክት ቋንቋዎች «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄን ከተራ ዓረፍተ ነገር የሚለየው በአብዛኛው የቅንድብ መነሳት ነው። መሬት መሬት እያየ የሚያወራ የለም። ስለዚህ ጸጸቱ ራሱ፣ አንገት እስካስደፋው ድረስ፣ ከሾኮ ጋር እንዳይነጋገር ያደርገዋል።

ያም ሆኖ አንድ ነገር በትክክል አድርጓል። ይቅርታ ሊጠይቃት ሲሄድ የእሷን ቋንቋ ተምሮ ነው የሄደው። የተገናኙ ዕለት ሾኮን ያስደነገጣት ንግግሩ አልነበረም፤ እጁ መናገሩ ነው። ኩሬ ውስጥ የወረወረውን ደብተርም ይዞላት ሄደ። ስህተቱ ደግሞ ይህ ነው፦ ንብረቱን ሸጦ፣ ሠርቶ 1.7 ሚሊዮኑን የን ለእናቱ ካስቀመጠ በኋላ ሊሞት አስቦ ነበር። ይቅርታውን የሒሳብ መዝጊያ አደረገው። እናቱ ስታውቅ ገንዘቡን አቃጥላለሁ ብላ እሳት ይዛ አፋጠጠችው፤ እሳቱም እውነትም ያዘው። ለእሷ ዕዳው ገንዘብ አልነበረም።

እናንተም የበደላችሁት ሰው ካለ፣ ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፦ «መሣሪያሽን ወርውሬያለሁ፣ አነጋገርሽን እያስመሰልኩ አስቄብሻለሁ።» «አስቀይሜሽ ከሆነ» አትበሉ፤ ያ «ከሆነ» ጥርጣሬውን ወደ እሷ ይመልሳል። የወሰዳችሁትን መልሱ። በበደሉ ጊዜ አብረው የሳቁ ሰዎች ካሉ እነሱም እውነቱን ከእናንተ ይስሙ። ሽማግሌ አትላኩባት፤ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት «እምቢ» ማለት ነውር ስለሆነ፣ የሚገኘው ይቅርታ ሳይሆን ጉልበት ነው። የዚያኑ ዕለት ጓደኝነት አትጠይቁ። «አልፈልግም» ካለች አንዴ ሰምታችሁ ሂዱ፤ በየሳምንቱ እየተመላለሱ ይቅርታ መለመን ሌላ ትንኮሳ ነው።

የርችቱ ምሽት ክፍል ከባድ ነው፤ ሾኮ ራሷን ልታጠፋ ትሞክራለች። ከዚያ በፊት የታየው ሁሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ፈገግታ፣ ይቅርታ፣ ስንብት የሚመስል ነገር። ጓደኛችሁ ላይ እንዲህ ካያችሁ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርም። ብቻዋን አትተዉአት፣ ለምታምኑት አዋቂ ንገሩ፣ ምሥጢር ነው ብትላችሁም ንገሩ። ይህ በናንተም ሆድ ያለ ከሆነ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩት።

ወደ ድምፁ ልመለስና ላብቃ። ሾኮ አንድ ቀን ኢሺዳን እንደምትወደው በእጇ ሳይሆን በአፏ ልትነግረው ትፈልጋለች። «ሱኪ» ትላለች፤ እሱ የሰማው «ፁኪ» ነው፣ ጨረቃ። ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ታምራለች አላት። ሰ እና ፀ ስስ፣ ሹል ድምፆች ናቸው፤ በብዙዎች ዘንድ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። የራሱን «ሰ» ሰምቶ የማያውቅ ሰው እያስተካከለ ሊናገረው አይችልም። እዚህ ላይ ማንም አላጠፋም። ያን ጊዜ «አልገባኝም፣ ጻፊልኝ» ቢል ኖሮ ገጹ ሌላ ይሆን ነበር፤ ግን የገባው መስሎታል።

ኡኤኖና ሾኮ እስከ መጨረሻው አልተዋደዱም፤ ኦይማም አላስታረቀቻቸውም። ማንጋው የሚያበቃው በ20 ዓመታቸው፣ በጃፓን ለአቅመ አዳም የደረሱ በሚከበሩበት ቀን ነው። ኢሺዳና ሾኮ የአዳራሹ በር ላይ ቆመዋል። ከበሩ ወዲያ ያሉት እነዚያው የ6ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። በሩን ገፉት።