በፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ግሪን ካርዴን ላጣ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ የምኖር ባለ ግሪን ካርድ ነኝ። ለእናቴ ሙት ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ስድስት ሳምንት ልቆይ አስቤአለሁ። እዚያ ሳለሁ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አዲስ ትዕዛዝ ቢያወጡ ከኤርፖርት ሊመልሱኝ ይችላሉ? ትዕዛዙስ እንደ ሕግ ይቆጠራል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ የእናትዎን ነፍስ ይማር። የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ስለሚያዝ በተግባር የሕግ ያህል ይከብዳል፤ ሆኖም ጉልበቱን የሚያገኘው ከሕገ መንግሥቱ ወይም ኮንግረስ ካወጣው ሕግ እንጂ ከራሱ አይደለም። ስለዚህ ትዕዛዝ ሲወጣ ከዜናው ይልቅ ጽሑፉን፣ በተለይም መግቢያውን እንዲያነቡ እመክራለሁ፤ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን አገኘሁበት የሚሉት ሕግ የሚጠቀሰው እዚያ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1952 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ የአገሪቱን የብረት ፋብሪካዎች በትዕዛዝ ለመንግሥት ሲወስዱ፣ የሚደግፋቸው ሕግ ስላልነበረ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ሁለት ወር ሳይሞላ ሽሮባቸዋል።

በኢሚግሬሽን ጉዳይ ግን የፕሬዚዳንቱ እጅ ረጅም ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ክፍል 212(ረ)፣ መግባታቸው ለአገሪቱ ጥቅም ጎጂ ነው የሚሏቸውን የውጭ ዜጎች እንዳይገቡ የማገድ ሰፊ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። በጥር 2017 ሱዳንና ሶማሊያን ጨምሮ በሰባት አገሮች ዜጎች ላይ በወጣው ትዕዛዝ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግሪን ካርድ የያዙ ሰዎች ሳይቀሩ በኤርፖርት ታግተው ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ትዕዛዙ እነርሱን እንደማይመለከት ዋይት ሐውስ አስታወቀ፤ የሲያትል ፌዴራል ፍርድ ቤትም አገደው። ይሁን እንጂ ተሻሽሎ የወጣውን ሦስተኛውን እገዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2018 በ5 ለ4 አጽድቆታል። ስለዚህ «ፍርድ ቤት ያግደዋል» እያለ የሚያጽናናዎትን ሰው ሙሉ በሙሉ አይመኑ። ኤርትራን፣ ሱዳንንና ሶማሊያን ያካተተው የሰኔ 2025 እገዳም ቢሆን ባለ ግሪን ካርዶችን ነፃ አድርጓል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሕጉ ከ180 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ወጥቶ የሚመለስን ቋሚ ነዋሪ፣ እንደ ወንጀል ያሉ ልዩ ሁኔታዎች ከሌሉ በቀር፣ አዲስ መግባት እንደሚጠይቅ ሰው አያየውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1982 እንዲህ ያለው ነዋሪ በአግባቡ የመደመጥ መብት እንዳለው ወስኗል። የኤርፖርቱ መኮንን ሊያቆይዎት፣ ሊጠይቅዎትና ጉዳዩን ወደ ዳኛ ሊመራው ይችላል፤ ነዋሪነትዎን በራሱ ውሳኔ የመሰረዝ ሥልጣን ግን የለውም። ሰዎች መብታቸውን ሲያጡ ያየሁት ብዙውን ጊዜ በፊርማ ነው፤ ከረጅም በረራ በኋላ ደክሟቸው፣ ልጅ ታቅፈው፣ «ፈርመው ይሂዱ» ሲባሉ ሳያነቡ ይፈርማሉ። አይ-407 የተባለው ቅጽ ነዋሪነትን በፈቃድ መተው ነው። ቢቀርብልዎ አይፈርሙ፤ «ጉዳዬን የኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ።

ስድስት ሳምንት አያሰጋዎትም። ቆይታዎ ከአንድ ዓመት የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ፣ አሜሪካ ሳሉ የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት ያስፈልግዎ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ በፊት በፖሊስ ተይዘው የሚያውቁ ከሆነ፣ ክሱ ቢዘጋም እንኳ፣ የፍርድ ቤት መዝገቡን ይዘው ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ።