ሲስተሙ እኔ ነበርኩ

«ጋሼ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ኮድ ካልጻፍኩ ወደ ኋላ እቀራለሁ?» አለኝ ሰሞኑን አንድ ልጅ። ሐዋሳ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ነበር። ማታ ማታ ለአንድ ፔንሲዮን የአልጋ መያዣ ፕሮግራም እየሠራ ነው። ወሬ ቀየርኩበት። ቤት ስገባ ግን ጳጉሜ 1999 ትዝ አለኝ።

ከተማው ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ ይላል። እኔ ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ ማታ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ቪዥዋል ቤዚክ 6 በሚባል የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ፕሮግራም እሠራለሁ። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ጓደኞቼ ሐይቅ ዳር ይጫወታሉ፣ እኔ ቡና በላይ በላዩ። ኩራቴስ ቢባል!

ቪዥዋል ቤዚክ ጳጉሜን አያውቃትም። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያውን ራሴ ጻፍኩት። ለጳጉሜ 5 ቀን ሰጠኋት። በአራት ዓመት አንዴ 6 እንደምትሆን ጠፍቶኝ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍሉ 3 ከተረፈ 6 ናት። አንዲት መስመር ኮድ። ዓይኔ ተከድኖ ስለነበር «ነገ እጨምራታለሁ» ብዬ ተኛሁ። በዚያው ረሳኋት።

ጳጉሜ 6 ጠዋት ፕሮግራሙ ቀኑን አልቀበልም አለ። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው፤ ገንዘብ ሊያወጣ የመጣው ሰው ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጥቷል። ተጠርቼ ስደርስ ቆጮ የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከፊት ቆመዋል።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ?»

«ሲስተም ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ሲስተሙ እኔ ነኝ! ያችን ቃል ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል። ገንዘብ ያዧ ከሰዓት በኋላ በእጇ እየጻፈች መክፈል ስትጀምር እማማ ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ሄደው ነበር። ኮዱን ያስተካከልኩት በአምስት ደቂቃ ነው።

እና ማታ አትጻፉ ልላችሁ ነበር። ግን ሙያውን ራሱ የተማርኩት በማታ ነው፤ ምን አፍ አለኝ? ጊዶ ቫን ሮሰምም ፓይተን የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋ የጀመረው በፈረንጆቹ 1989 የገና ሰሞን፣ ቢሮው ተዘግቶ ሳለ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው። እሱ ግን በር ላይ የተሰለፈ ሰው አልነበረበትም። ለራሳችሁ ከሆነ እስኪነጋ ጻፉ። ሰው የሚጠብቀውን ሥራ ግን በደከመ ጭንቅላት አታስረክቡ።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ሌላ አመጣችሁ። ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ፣ ሥራ የገባበትን ቀን የምታሳየው አረንጓዴ ካሬ እንዳትቋረጥ ዛሬ ነጠላ ሰረዝ ጨምሮ ነገ የሚያጠፋ አይቻለሁ። ይሄ ኮድ መጻፍ ነው እንዴ? የሚያስመሻችሁ አሠሪ ከሆነማ ሕጉ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ይላል፤ ትርፉን ያስከፍላል። እሱን ራሳችሁ አንብቡት።

ልጁን ማክሰኞ ቀጥሬዋለሁ። ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የማስከፍተው የቀን መቁጠሪያውን ፋይል ነው።