ለመጠለያው ምን እንሰብስብ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ነኝ። በከተማችን ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንንና ሕሙማንን የሚያስጠልል አንድ ቤት አለ። ለገና ከምእመናን ምግብ ሰብስበን ወሰድንላቸው። ሕዝቡ መቼም ለመስጠት አይሰስትም፣ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ወጡ ጎረፈ። በኋላ ግን ብዙው ሻግቶ ተጣለ ሲሉን አፈርን። አሁን በድጋሚ ልንሰበስብ ነው። ምን አምጡ እንበል? ጤፍ ብቻ ብንል ይሻላል? አንዳንዱ ደግሞ «የራሴ ድሃ ዘመድ እያለ» ይለናል።
የሰንበት ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እታለም፣ አይዞሽ። መጀመሪያ፣ በዐውደ ምሕረት ከማሳወጃችሁ በፊት፣ አንዳችሁ ወደ መጠለያው ሂዱና ወጥ የምትሠራውን ሴት አነጋግሩ። ኃላፊውን አላልኩም። ኃላፊው ይሉኝታ ይይዘውና «ያገኛችሁትን» ይላችኋል። እሷ ግን ዘይቱ ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ እንጨቱ መቼ እንዳለቀ፣ በርበሬው ከየት እንደተበደረ ታውቃለች።

ቀጥሎ ጊዜው ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚሰጠው በዓል ሲመጣ ነው። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ። በነዚህ ቀኖች ማኅበሩም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ስለት ያለበትም ሰው ምግብ ጭኖ ይመጣል፣ አንድ ሽማግሌ ግን በአንድ ቀን ሦስት ምሳ መብላት አይችልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይስ? የገበሬው ጎተራ የሚጎድልበት፣ እህል የሚወደድበት፣ ዝናቡ እንጨቱን የሚያረጥብበት ወቅት ነው። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ዋጋው የት እንደሚደርስ እናንተው አይታችኋል። እኔ ብሆን ዋናውን ስብስብ ጥርና የካቲት ላይ አደርገው ነበር። ጤፉ ተወቅቶ ይገባል፣ የገበሬውም እጅ ይፈታል፣ ያኔ አንድ ቁና መስጠት ለማንም አይከብድም። በከተማው ዙሪያ ያሉትን የገጠር አጥቢያዎችም ጨምሩ። የተሰበሰበውን በአንዴ አታራግፉት። ደረቅ መጋዘን ካላችሁ ከፋፍላችሁ ለክረምቱ አስቀሩ።

ወደ ዓይነቱ እንምጣ። ጤፍ ጥሩ ነው፣ ነቀዝም አይደፍረውም። ግን በጥሬው ይምጣ። ዱቄት ቶሎ ይበላሻል፣ ይልቅ የወፍጮ ብር አብራችሁ ስጡ። ማኛ ካልሆነ አትበሉ፣ ሠርገኛ ይበቃል። በቆሎ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በኩል በደህና ዋጋ ይገኛል፣ ሲነከስ ቀጭ ካላለ ግን አትቀበሉ። ሳይደርቅ የተከመረ በቆሎ ይሻግታል፣ ከሻጋታው የሚወጣው መርዝ ደግሞ ብታጥቡትም ብትቀቅሉትም አይለቅም።

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ሽሮና ዘይት ነው። ጾሙን ቁጠሩታ። ረቡዕና ዓርቡ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም፣ የነሐሴ ፍልሰታ፣ ሌላውም አለ። በፍስክም በጾምም የሚበላ እሱ ነው። ሽሮው ከምን እንደተፈጨ ግን ጠይቁ፣ ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። እኛ አገር ጓያ ርካሽ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። በየቤታችን ዛሬ ጓያ ያለበት ሽሮ ብንበላ ነገ ምስር፣ ከነገ ወዲያ ድንች እንበላለን። መጠለያ ያለ ሰው ግን ጠዋት ማታ፣ ለወራት፣ የሚበላው ከአንድ ድስት ነው። ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፣ ከያዘ በኋላም የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም፣ ተፈጭቶ የመጣውን ሽሮ ደግሞ ማን ይዘፍዝፈው ማን አይዘፍዝፈው አታውቁም። ስለዚህ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ በጥሬው ተቀበሉ። የጽዋ ማኅበር እናቶች ተሰባስበው ይቁሉት፣ ቅመሙን ጨምረው ያስፈጩት። ጨዋታውም አብሮ አለ፣ ቡናውም አይቀርም።

የተጋገረ እንጀራ ይዛ የመጣች እናትን አትመልሱ፣ ተራ አውጡላት። አጥቢያውን በየሰፈሩ ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ ሰፈር የሳምንት ቀን ስጡት፣ የማክሰኞው ሰፈር ማክሰኞ ይጋግር። በበዓል የተረፈውን ደግሞ ሳይውል ሳያድር ፀሐይ ላይ አስጡትና ድርቆሽ ይሁን። እርጥብ እንጀራ ቀናትን አይሻገርም፣ ድርቆሽ ግን በደንብ ከደረቀ ለወራት ይቀመጣል። በሶም እንዲሁ ነው፣ እንጨት ባለቀ ቀን በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል።

ሰው የሚረሳው ጨው (አዮዲን ያለበት)፣ ሳሙና እና እንጨት ነው። ደግሞ ጠዋት ጠዋት መድኃኒት የሚውጡ ሰዎች እዚያ ይኖራሉ፣ ባዶ ሆድ የማይወሰድ መድኃኒት አለ። ሕሙማንን ጾም እንደማያስገድዳቸው ካህናቱ ያውቃሉ፣ በእነሱ በኩል አስፈቅዳችሁ ወተትና እንቁላል ብትወስዱ ማንም አይቆጣም።

«የራሴ ድሃ ዘመድ እያለ» የሚለውን ሰው አትከራከሩት። እውነቱን ነው፣ ዘመዱን ይርዳ።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ለመጠለያው በሬ ልናርድ አዋጥተናል። ከሚኖሩት ውስጥ ግን ሙስሊሞችም አሉ። ቅር ይላቸው ይሆን?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ቅር እንኳ አይላቸውም፣ ግን አይበሉትም። የክርስቲያን እርድ ሙስሊሙ እንደማይበላ፣ የእነሱንም ክርስቲያኑ እንደማይበላ ሁላችን እያወቅን ድግስ ላይ እንረሳዋለን፣ ከዚያ ሁሉም ጮማ ሲቆርጥ አንዱ ጥግ ላይ ድንች ይዞ ይቀመጣል። ከመዋጮው ላይ የበግ ብር ነጥላችሁ ለሰፈራችሁ ሙስሊም ጎረቤት ስጡት፣ እሱ ይረድ፣ ድስቱም ቢላውም ለብቻ ይሁን። ምናልባት ብሩን ትቶ በጉን ከራሱ ያመጣው ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት ብርቅ አይደለም። ረመዳን ሲሆን ደግሞ የምሳ ድርሻቸውን እስከ ማፍጠሪያ አስቀምጡላቸው፣ ለሱሁርም የሚቀመስ ነገር አይጥፋ።

ጥያቄ፦ እህሉን ስናስረክብ ቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ለቀቅን። አንዳንድ ሰው ወቀሰን። ለጋሾች ግን ማስረጃ ይፈልጋሉ፣ ምን እናድርግ?
ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ማስረጃው ደረሰኝ ነው። ስንት ኩንታል ጤፍ፣ ስንት ሊትር ዘይት እንደገባ ተጽፎ፣ የመጠለያው ማኅተም አርፎበት፣ ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው ፈርሞ ይውጣ፣ ያንን ፎቶ አንሡና ለጥፉት። ከረጢቱንም አንሡ፣ ከረጢት አያፍርም። የሰው ፊት ግን ተዉ። አንዳንዷ ልጆቿ አዲስ አበባ ደህና ትኖራለች ብለው ያስባሉ፣ አንዳንዱ ከአገሩ ሰው ተደብቆ ነው የመጣው፣ ሰሐን ይዞ ቆሞ በስልክ እንዲያዩት አይፈልግም። «ፈቅደውልን ነው» እንዳትሉኝ፣ እጃችሁ ላይ ዳቦ እያለ ማን እምቢ ይላችኋል? የለቀቃችሁትን ዛሬውኑ አጥፉት፣ የተቀባበላችሁ ጓደኞችም ካሉ ንገሯቸው።